ብረቱ ሲያልበው

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ባሌ ኤምሪስ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። አልጋውን ታች፣ የፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ስር አድርገንለታል። ደረጃ የሚባል ነገር ለጊዜው ቀርቷል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ዝም ብለው ይከተሉታል። ቃላቱም ተደበላልቀውበታል። ሻይ ፈልጎ «መዶሻ ስጪኝ» አለኝ። ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ። ወዲያው ግን ለምን እንደሳቅን ገባውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነርሷ የበላውን፣ የተኛበትን፣ የተናገረውን መዝግቢ ብላ ይሄን ደብተር ሰጠችኝ። ከፊት በኩል የእሱን እጽፋለሁ። ከኋላ በኩል ደግሞ የራሴን። የሚጠይቀኝ የለም፣ ግን የሆነ ቦታ መናገር አለብኝ።

ቆጡ፣ ጣራው ስር የምናወጣው ክፍል፣ እንደተጀመረ ቀርቷል። ኤምሪስ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ በዚህ በጋ ተራው የኛ ሆነ። ጣራው ስር መሃል ላይ ቆመው መንገድ የሚዘጉትን እንጨቶች ነቀለ፤ በምትካቸው ከሥራ ጓደኛው ከዲልዊን ጋር ሁለት ረጃጅም ብረቶች አጋደመ፣ አንዱን በዚህ ተዳፋት፣ አንዱን በዚያ። ደረጃ አወጣ፣ መስኮት ከፈተ። የቀረው ብርዱን መከልከል ብቻ ነበር። ክፍሉ ለልጃችን ለላውሪና ለልጇ ለካዲ ነው። ላውሪ ከተማ የተከራየችው ቤት ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል። ካዲ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። «ገናን እዚህ ናችሁ» ብሏቸው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም። ስትሮክ ነው አሉን።

ኖቬምበር 8

ዝናብ። አንሶላ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ አንሶላ። የጎረቤቴ እትዬ ኦልወን ከቤተ ጸሎቱ የሰንበት ትምህርት ቤት የእጅ ደወል ይዘው መጡ። «ሲፈልግሽ ይደውል። አንቺም በየደቂቃው እየሮጥሽ አትለቂ» አሉ። ጎሽ። ደወሉን ቶሎ ለመደው።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ

ዲልዊን መጣ። ከኤምሪስ ጋር አብረው ጣራ ላይ ነው ያረጁት። በሩን እንደከፈተ «አንተ ሰነፍ! ከሥራ ለመሸሽ ይሄን ያህል ርቀህ ትሄዳለህ?» አለው። ኤምሪስ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁም። ዲልዊን እንባው ሲመጣበት ወደ ወጥ ቤት ገባና ማንቆርቆሪያውን ያለ ውሃ ጣደው።

የቆጡን የብርድ መከላከያ እሱ ሊሠራልን ነው። ቅዳሜ።

ምግብ የማበስልበት ትምህርት ቤት እስከ ፋሲካ ፈቃድ ሰጠኝ። ወጥ ቤቱን ማን እንደያዘው አላውቅም። ሾርባውን ያበላሹታል።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ዲልዊን ቀኑን ሙሉ ብርድ የሚከለክለውን የጣራ ጥጥ በጥቅል በጥቅል ወደ ላይ ሲያወጣ ዋለ። ጥጡ ቢጫ ነው፣ ያሳክካል፣ ደረጃው ላይ ሁሉ ተበትኗል። በጣራው እንጨቶች መሃል እየጠቀጠቀ ጨረሰውና ወርዶ ኤምሪስ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አለቀ! ከሰኞ ጀምሮ የጂብሰም ሰሌዳ እመታለሁ። ድመት እንኳ እዚያ ላይ ይሞቃታል።»

ኤምሪስ አየው አየውና «ከንፈር?» አለ።

«ምን ከንፈር?»

«ወገብ። ወገቡስ?»

«የማንን ወገብ ነው የምትጠይቀኝ፣ ሚስትህ ፊት?» ብሎ ዲልዊን ሳቀ። ኤምሪስ አልሳቀም። በግራ እጁ ወደ ላይ እያመለከተ «ላብ» አለ። «ላብ! ላብ!»

ሞቆት ይሆናል ብዬ ሹራቡን አወለቅኩለት፣ ግንባሩን በፎጣ ጠረግኩት፣ መስኮቱንም ገርበብ አደረግኩ። ፎጣውን ከእጄ ነጥቆ ወረወረው። ዲልዊን በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጊዜ ይፈልጋል ሜና። የሚለውን ሁሉ ከቁም ነገር አትቁጠሪው» አለኝ።

ከፊት በኩል «ላብ፣ ብዙ ጊዜ» ብዬ መዝግቤያለሁ። ነርሷ ትኩሳት ለኪለት አለች። ለካሁት። የለውም።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ቆጡ አምሮ ጉድ ሆኗል። ዲልዊን ጂብሰሙን መትቶ ጨረሰ። ተዳፋቱ ነጭ ነው፣ ብረቶቹን ብቻ እንዳሉ ትቶ ግራጫ ቀባቸው። «እንዲህ ነው የዘመኑ ሰው የሚወደው» አለ። ለላውሪ ፎቶ ላክሁላት፤ ደውላ አለቀሰች። «እማዬ፣ ካዲ ስልኩን አልሰጥሽም አለችኝ፤ ክፍሌ ክፍሌ እያለች ነው።»

ፎቶውን ለኤምሪስም አሳየሁት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብረቱ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ላብ» አለ። እኔ ደክሞኝ ነበር። «ኤምሪስ፣ አልሞቀህም! ቤቱ እንዲያውም ቀዝቃዛ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ጠጥቶ ያልጨረሰውን ሻይ ከነኩባያው ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ግድግዳውን ጠረግኩ። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

በረዶ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ውርጭ አላየንም፣ ኮረብታው ነጭ ሆኗል። ጠዋት የካዲን አልጋ ላነጥፍ ቆጡ ላይ ስወጣ ፍራሹ ረጥቧል። ጣራው ያፈሳል ብዬ ደነገጥኩ። ግን ዝናብ አልነበረም። ቀና ስል ግራጫው ብረት ከዳር እስከ ዳር በጠብታ ተሸፍኗል፣ ከሥሩ መስመር ሠርቶ ጠብ ጠብ ይላል። የቤቱ የመጨረሻ ግድግዳ ጋ፣ ነፋሱ በቀጥታ የሚመታው ጋ፣ ጂብሰሙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሯል። ያ የላውሪ ቤት ጥቁር ነው። አውቀዋለሁ።

በጣቴ ነካሁት። ብረቱ ጣት የሚያጣብቅ ቅዝቃዜ ነው።

ያልበዋል።

ወርጄ አልጋው ጎን ተንበረከክሁ። «ብረቱ ነው? ብረቱን ነበር የምትለኝ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግንባሩን ስጠርግ ከርሜያለሁ።

ዲሴምበር 2

ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁት። በግራ እጁ ሣለ፣ የልጅ ሥዕል ይመስላል። ብረቱ ከጫፉ ሲታይ ላይ አንድ ሰፊ ከንፈር፣ ታች አንድ ከንፈር፣ መሃሉ ቀጭን ወገብ። ከንፈርና ወገብ! እኛ ደግሞ አእምሮው ሄደ ብለን።

እየሣለ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ እኔ እየገመትኩ ገባኝ። ብረቱ የውጭውን ብርድ ከግድግዳው ተቀብሎ ወደ ቤት ያመጣዋል። የኛ ትንፋሽ፣ የሻዩ እንፋሎት፣ የልብሱ እርጥበት ወደ ላይ ይወጣና የቀዘቀዘው ላይ ያርፋል፣ ውሃ ይሆናል። ወገቡ በጥጥ መሞላት አለበት፤ ከንፈሮቹ ብርድ በማያሳልፈው ጠንካራ ፎም መሸፈን አለባቸው፤ ከዚያ በላዩ ላይ የእንፋሎት ማገጃው ፕላስቲክ፤ መጋጠሚያው ሁሉ በብርማው ቴፕ ታሽጎ፤ በስተመጨረሻ እሳት የሚችለው ጂብሰም። ሌላም አለ። ዲልዊን ጥጡን እስከ ጣራው ገፍቶ ጠቅጥቆታል። ከክዳኑ ስር አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነበረበት። ኤምሪስ ሁለት ጣቱን አጠጋግቶ አሳየኝና «ነፋስ» አለ። በትክክል «ነፋስ»።

ሁሉም መፍረስ አለበት።

ዲሴምበር 5

ዲልዊን መጥቶ አየ። መጀመሪያ «አዲስ ሥራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያልበዋል፣ ይደርቃል» አለ። ሥዕሉን ሰጠሁት። አየውና «እኔ ሁልጊዜ እሱ ያለኝን ነበር የምሠራው፣ ሜና። ራሱን ችሎ የሚያስበው እሱ ነው» አለ። ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አይመለስም። ሰው ልፈልግልሽ አለ። የጠየቅናቸው ሁሉ ከፋሲካ በፊት ጊዜ የለንም ይላሉ።

እኔው እሠራዋለሁ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

ጂብሰሙን ማፍረስ ጀመርኩ። አቧራ። ጉሮሮዬ። እጄ አብጧል። ደወል። ደወል። ደወል።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

የድሮ ቱታውን ለብሼ፣ እጅጌውን አጥፌ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ ቆጡ ላይ እውላለሁ። ጥጡን ከክዳኑ ላይ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ ክፍተቱን በእንጨት ቁራጭ እለካለሁ፣ ፎሙን በመጋዝ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች ውሻ የነከሳቸው ይመስላሉ። አሁን ይሻላል። ፎሙ በልኩ ተቆርጦ ብረቱ ላይ ሲገባ ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ ወድጄዋለሁ።

ሬዲዮውን ወደ ታች አወረድኩለት፤ ራግቢ ይስማበት። እኔ ላይ ጸጥታው ይሻለኛል።

ነርሷ ዛሬ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ደግሞም ደህና ነኝ። ቆጡ ላይ ወገቤን እንኳ አያመኝም።

ዲሴምበር 18

ሱቁ ውስጥ ከብስኩቱ መደርደሪያ ጀርባ እትዬ ኦልወንን ሰማኋቸው፤ ለባለሱቋ ነበር የሚያወሩት። «ምስኪን፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጣራ ስር ነች። እሱ ደግሞ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ይውላል። በግድግዳው ደወሉን እሰማዋለሁ እኮ።» ወተቱን ትቼ ወጣሁ።

ሥራው ራሱን አይሠራም። ማን ይሥራው? እሳቸው?

ዲሴምበር 22፣ እሑድ

ካዲ ሆስፒታል ገብታለች። ላውሪ ከኮሪደር ነው የደወለችው፣ ሹክሹክታ ነበር። «እማዬ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነብኝ። አሁን የመተንፈሻ ጭምብል አድርገውላት ተኝታለች። ሐኪሙ ወደዚያ ቤት እንዳትመልሻት አለኝ። የት ልውሰዳት?» እዚህ አምጪያት እንዳልላት ቆጡ ፈርሷል፣ ፍራሹ ረጥቧል፣ ሌላው ክፍል ሁሉ የጥጥ ብናኝ ነው። አሁን ካመጣኋት ከጥቁር ወደ ጥቁር ነው። ለጊዜው የጓደኛዋ ሳሎን ውስጥ ይሆናሉ። «መቼ ያልቃል?» አለችኝ። «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት።

ለኤምሪስ ነገርኩት። ግራ እጁን በቡጢ ጨብጦ ጉልበቱን መታ፣ ደጋግሞ። ያዝኩት።

ዲሴምበር 26

ገና አለፈ። ዶሮ ጠበስኩ፣ ሥጋውን አድቅቄ አጎረስኩት። ከምሳ በኋላ አንዱን ብረት ጨረስኩ። ከነቴፑ። የልጅ ልጄን እንዳለበስኳት ያህል ቆሜ አየሁት።

ጃንዋሪ 4፣ ቅዳሜ

ሁለተኛውም ብረት ተሸፈነ። ግን ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አላማረኝም፤ ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ። ቀኙ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ቴፑ ትንሽ ተሸብሽቧል። እሱም ይፈታ።

ላውሪ ደወለች። «እማዬ፣ ለገና ያልቃል ብለሽ፣ ከዚያ ለአዲስ ዓመት ብለሽ። ምን ቀረ?»

«ጥግ ጥጉ።»

«ስንት ጥግ አለው ቤቱ?»

ጥንቃቄ ነው። ለራሷ ልጅ ነው።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ኤምሪስ ወደቀ። ደረጃው ላይ። አምቡላንስ። ነገ እጽፋለሁ።

ጃንዋሪ 10

ትከሻው ነው፣ አልተሰበረም፤ ለጥቂት ቀን ያቆዩታል። ከአልጋው ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ተጎትቶ፣ የደረጃውን መጀመሪያ በግራ እጁ ይዞ ጥቂት ወጥቷል። ከዚያ ነው የተንሸራተተው። ወደ እኔ ሊመጣ ነበር። እትዬ ኦልወን ናቸው በመጠባበቂያው ቁልፍ ገብተው ያገኙት፤ ስማቸውን ጠርቶ ሳይሆን «ዝናብ፣ ዝናብ» እያለ ሲጮህ በግድግዳው ሰምተው። እኔ ስወርድ ጭንቅላቱን ደግፈው ተቀምጠዋል።

ላውሪ በስልክ «ደወሉንስ አልሰማሽም?» አለችኝ።

«ሬዲዮ ከፍቼ ነበር» አልኳት።

ቴፑን እየለጠፍኩ ነበር። መጋጠሚያ ከተጀመረ መሃል ላይ አይተውም፣ እርጥበት ይገባል። ጀምሬው ነበር።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ተመለሰ። ከአምቡላንሱ ሲያወርዱት ጉንጩ ጎድጉዷል። ካልሲውን ሳለብሰው ቁልቁል እያየኝ «ሬዲዮ» አለ። ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቅሁት። «ሬዲዮ... እኔ ጋ... ነበር።»

ላውሪ ሆስፒታል ስትጠይቀው ነግራው ይሆናል።

ግራ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ከባድ እጅ ነው፣ የሠራተኛ እጅ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ካልሲውን አለበስኩት።

ጃንዋሪ 16

ሁለት ቀን ደወል የለም። ላይ ሆኜ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ፤ ምንም። ፎሙን ትቼ እወርዳለሁ፤ ነቅቶ ነው፣ ደህና ነው፣ ምንም አልፈለገም። እወጣለሁ። ደግሞ እወርዳለሁ። ደወሉን አልጋው ስር፣ ግድግዳው ጋ ተገፍቶ አገኘሁት። መልሼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። አላነሳውም።

ዛሬ ምንም አልሠራሁም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ጠዋት ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ወጥ ቤት ገፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ፣ ፎሙን፣ መጋዙን፣ ማስመሪያውን አወረድኩ።

«ብቻዬን አልችለውም» አልኩት።

ከታች እስከ ላይ አየኝ። ቱታው ውስጥ ያለሁትን፣ ፀጉሬ ላይ ያለውን ቢጫ። «አስቀያሚ» አለኝ።

«አንተስ? መስታወት ላምጣልህ?»

ሳቀ። ደካማ እጁን እንደ ክብደት ፎሙ ላይ አሳረፈ፣ በግራው ማስመሪያውን ያዘ፣ እኔ ቆረጥኩ። ስሳሳት ማስመሪያውን በጣቶቼ ላይ ኳ ያደርጋል። ጥጉን በሰያፍ እንድቆርጠው አሳየኝ፤ እንደዚያ ሲሆን ሁለቱ ፎሞች ጥርስ ለጥርስ ይገጥማሉ፣ ክፍተት የለም። ያን ሁሉ ሳምንት ስፈታና ስገጥም የነበረው ጥግ ነው። ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ለምሳ የበግ ሾርባ። ጠረጴዛው ላይ፣ በፎም ብናኝ መሃል በላን። ማንኪያውን ራሱ ያዘ። ግማሹ ቱታዬ ላይ ፈሰሰ።

ጃንዋሪ 24

ብረቶቹ አለቁ። የዛሬው እውነተኛ ነው። ፎቶ አንስቼ አወረድኩለት፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ እየተከተለ አየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወጥቼ ስነካው ቴፑ እውነትም ለቅቋል። ለጠፍኩት። አሁን በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ዲልዊን ተመልሷል። ለጂብሰሙ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ በጭንቅላቱ ደግፎ አንዱ ይመታል። ቆጡ ላይ ወጥቶ ሥራዬን ዞሮ አየ። ወርዶ ለኤምሪስ «አንተን ማሰናበት ነው የሚሻለኝ። ሚስትህን እቀጥራለሁ» አለው።

«ውድ... ናት» አለ ኤምሪስ።

ዲልዊን ሳቁን ሲጨርስ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ። «የነገርከኝን አልሰማሁህም፣ ጓዴ። ቀልዱ ቀደመኝ» አለ። ኤምሪስ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋለት። ዲልዊን ተቀመጠ። ቀሪውን ከሰዓት ራግቢ አዩ፣ እኔ ብቻዬን ደረጃ ጠረግኩ። ቅር አላለኝም።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ላውሪና ካዲ ገቡ። መኪናው ሙሉ ዕቃ፣ ከፊት ወንበሩ ላይ አንድ ትልቅ የጨርቅ ዝሆን ቀበቶ ታስሮ። ካዲ አያቷን ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ ከታመመ ወዲህ አላየችውም። «አፍህ ለምን ወደዚያ ሄደ?» አለችው።

«ጠፋ... ብኝ» አለ ኤምሪስ።

አሰበችበት። «እኔም አንዴ ጫማዬ ጠፍቶብኝ ነበር» አለችና ዝሆኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

ፌብሩዋሪ 11

ዛሬ እንደ ዲሴምበሩ ያለ ውርጭ ነው፤ መንገዱ ጨው ተነስንሶበታል። ዲልዊን ግድግዳው ጋ የተወልንን ትንሽ የመፈተሻ በር ከፍቼ እጄን እስከ ክንዴ አስገባሁ። ፎሙን ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩ። ደረቅ። መጋጠሚያውን ዳበስኩ። ደረቅ። ጂብሰሙ እንደ ዳቦ ለብ ብሏል። ካዲ ከታች ቀና ብላ «አያቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

ልጅቷ ከገባች ጀምሮ ሳሏ እየቀነሰ ነው። ጨርሶ አልሄደም። ሐኪሙ ክረምቱ እስኪያልፍ እንይ ብሏል። ግን ፉጨቱን ለመስማት ጆሮዬን ደረቷ ላይ መጣል አለብኝ፤ በፊት ከክፍሉ ማዶ ይሰማ ነበር።

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ ሳህን ሳጥብ ላውሪ ከኋላዬ መጥታ ስፖንጁን ከእጄ ወሰደችው።

«እማዬ፣ ቆመሽ ተኝተሻል። ካዲ ላይ ተኝታለች፣ አጠገቧ ሂጂና ጋደም በይ። አባዬን እኔ አያለሁ። ቆጡን የምትወጅው አንቺ አይደለሽ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም መንገር የለበትም» አለች። አልተቆጣችም፤ ሳህኑን እያጠበች ነበር።

ወጣሁ። ካዲ ዝሆኑን አቅፋ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ክፍሉ ሞቅ ያለ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያለ ነው። ብረቶቹ የሉም፤ የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ነኝ። መጋዝ የለም፣ ብናኝ የለም፣ የሚፈታ ነገር የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ልብሶቻቸው ተሰቅለዋል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተለጥፏል። የሰው ክፍል ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ።

ኤምሪስ ነቅቶ ነበር። የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ ነው።

«ምን... ረሳሽ?» አለኝ።

«ምንም። ፈቀቅ በል።»

ግራ ገብቶት አየኝ። አልጋው የአንድ ሰው ነው፣ ከሆስፒታል የመጣ፣ ጎኑ ብረት ያለው። ከመጣ ጀምሮ እዚህ ላይ ያልተኛሁበት ምክንያት ጠባብ ስለሆነ ነው። ለነርሷም፣ ለላውሪም እንደዚያ ነው ያልኩት። የጎኑን ብረት አወረድኩ። አንሶላውን ይዤ እሱን ከነትራሱ ወደ ግድግዳው ሳብኩት። «ቀስ! ጆንያ... አይደለሁም» አለ። የተመኘውን ቃል አግኝቶ ኮራ።

«ከጆንያ ትከብዳለህ።»

ደካማ እጁን አንስቼ ቦታ አበጀሁለትና በጎኔ ገባሁ። የመድኃኒትና የሳሙና ሽታ አለው፣ ከሥሩ ግን ራሱ ነው። ጉልበቴ ከአልጋው ውጭ ቀርቷል። ከዚህ አልጋ መስኮቱ እንዲህ ሰማይ ብቻ እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ወር ያየው ይሄን ነው።

«ሥራ... አለቀ?» አለኝ በጆሮዬ።

«አለቀ» አልኩት።

ላውሪ ሻይ ይዛ በሩን ስትከፍት ሰማሁ። ወዲያው ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።